የስልክ ቤቱ መቀስ

ናጂያ ጣቷን ከማውሱ ላይ ገና ሳታነሳ የሦስተኛዋ ካቢና በር ተበረገደና ታምሬ ወጣ። የስልኩን እጀታ እንደያዘ ነበር የወጣው፤ ገመዱ ወደ ኋላ ሲጎትተው ጊዜ ነቅቶ ወረወረው። እጀታው ከጣውላው ግድግዳ ጋር ተላትሞ ተንጠለጠለ። ወረፋ ይዘው የነበሩት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ።

"ደግሞ ተቆረጠ" አለ። "ባለፈው ጁምዓም እንዲሁ፣ ተዚያ በፊትም እንዲሁ። ይኸ ሁሉ ሰው እንደ ልቡ ሲያወራ የኔን ብቻ ማን ነው የሚቆርጠው?"

"ኔትወርክ ነው" አለች ናጂያ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። "መዓለሽ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ኔትወርኩ ነው።"

"እታለም፣ ኔትወርክ እኔን ተሰው ለይቶ ያውቀኛል እንዴ? እህቴ 'እማየ' እስክትል ጠብቆ ነው የሚቆርጠኝ።"

ልጁ ሞኝ አልነበረም። ኔትወርኩ እንደ ዛሬ አምሮበት አያውቅም። የቆረጠችው እሷ ናት።

የሙሐመድኑር ስልክ ቤት በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ቤት ነው። አምስት የጣውላ ካቢናዎች፣ በየካቢናው አንድ ስልክ፣ ስልኮቹ ሁሉ ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያጓራ ከሚውል አንድ ሰርቨር ጋር የተያያዙ ናቸው። ንግግሩ የሚሄደው በኢንተርኔት ስለሆነ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ርካሽ በመሆኑም መከራው ብዙ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ እጀታውን ሰቅሎ ከወጣ በኋላ ሰርቨሩ ሰውየው የሄደ አይመስለውም፤ ባዶውን መስመር ታቅፎ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ የገባው ሰው ድምፅ ያጣል። ለዚህ ሲባል መስመሩን የዘረጋው ቴክኒሻን ኢሀብ ለናጂያ አንድ መላ አበጀላት። በዚያች ሰዓት የሚያወሩት ሁሉ በስክሪኗ ላይ ተራ በተራ ተደርድረው ይታያሉ፤ የፈለገችውን መርጣ አንዲት ቀይ ምልክት ስትነካ ያ ንግግር እዚያው ይበጠሳል። ኢሀብ ጨዋታ ወዳድ ስለሆነ ምልክቷን የመቀስ ሥዕል አደረጋትና ስሟም በዚያው መቀስ ሆኖ ቀረ። ድምፁ ጥሩ መሆኑን እየሰማች እንድታረጋግጥም የጆሮ ማዳመጫ ሰጣት። ናጂያ በመቀሷ የምትቆርጠው ሰው የሌለበትን መስመር ብቻ ነበር። ሰው እያወራ ትቆርጫለሽ ብሎ የነገራት ቢኖር ኖሮ ትቆጣው ነበር።

ይህን ያስለወጣት ደመቀ ነው። ደመቀ ከዶካ ከተማ ወዲያ ባለው ሰፊ የሰሊጥ እርሻ የሳሉጎቹ ወኪል ነው። ሳሉግ የሚሏቸው በክረምቱ መውጫ ከጎንደር ቆላ ድንበር ተሻግረው ለአረምና ለአጨዳ የሚመጡትን የቀን ሠራተኞች ነው፤ እነሱን የሚቀጥር፣ የሚያበላ፣ የሚቆጣ እሱ ነው። ዓርብ ዓርብ በሎሪ ጭኖ ከተማ ያመጣቸውና ከሙሐመድኑር ቤት ያስደውላቸዋል፤ ሳያስደውል የሚያከርም ወኪል ለከርሞ ሰው እንደማያገኝ ያውቃል። ሒሳቡን የሚዘጋው እሱ ነው። ሳሉጎቹ አጨዳው ሳያልቅ ደመወዛቸውን ስለማይቀበሉ ሌላ ስልክ ቤት ልሂድ ቢሉ መሄጃ የላቸውም።

መስቀል ባለፈ ሰሞን ደመቀ ቆቡን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ናጂያ ጠጋ አለ።

"አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አላት። "ያ ታምሬ የሚሉት ልጅ እናቱ አርፋለች። እሱ አልሰማም። ዘመዶቹ ደግሞ ነገሩ አልገባቸውም፣ በስልክ ሊያረዱት ይፈልጋሉ። ሰላምታውን ያውራ፣ ግድ የለም፤ የእናቱን ነገር ሲጀምሩ ብቻ ቁረጭው። አጨዳው ሲያልቅ እኔ ራሴ ታገሩ አድርሼ፣ ሽማግሌ ሰብስቤ በወጉ አረዳዋለሁ።"

ናጂያ ሁለት ጊዜ አላሰበችም። መርዶ ወግ አለው። ሰው የሚረዳው በማለዳ፣ ከቤቱ፣ ዘመድ ወዳጅ ከቦት፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ ሆኖ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። የናጂያ እናት ዘሐራ የገዛ አባቷን ሞት የሰማችው ገበያ መሐል፣ ከአንድ አፉ ከማያርፍ ሾፌር ነበር። "አላህ ያጽናሽ" ብሏት መንገዱን ቀጠለ። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ከሽንኩርት ሻጮቹ መሐል ተዘረረች፣ ነጠላዋን እንኳ የሚያለብሳት አልነበረም። ይኸው ዓመታት አልፈውም ዘሐራን የሚያንገበግባት የአባቷ ሞት ሳይሆን ያች ቀን ናት። ናጂያ ይህን እየሰማች ነው ያደገችው፤ ስለዚህ ደመቀን ደግ ሰው ብላ በልቧ መረቀችው። ከዚያ ወዲህ ታምሬ በገባ ቁጥር ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርግና እህቱ "እማየ" ስትል መቀሷን ትነካለች።

አሁንም ደመቀ ከውጭ ገብቶ የታምሬን ትከሻ ያዘ። አይዞህ፣ የሚመጣው ጁምዓ ይስተካከላል፣ ቤተሰብህም ደህና ነው፣ እኔ ራሴ ወሬያቸውን ሰምቻለሁ አለው። ታምሬ ትከሻውን አስለቅቆ ወጣ። እጀታውን አንስታ የሰቀለችው ናጂያ ናት።

ንዴቷ በልጁ አልነበረም። በእህቱ ነበር። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ወንድሟ ሰው አገር ቆሞ፣ ከአንድ ካቢና ውስጥ፣ እንባውን የሚጠርግለት ሳይኖር፣ ያን የመሰለ ነገር በጆሮው ልትዘረግፍበት ዓርብ በመጣ ቁጥር ተሰልፋ ትጠብቃለች። አንዴ ቢቆረጥባት፣ ሁለቴ ቢቆረጥባት፣ ይህስ እግዜር ተይ ሲለኝ ነው አትልም? ናጂያ ባሰበችው ቁጥር ደሟ እየፈላ መጣ።

አዛን ሲባል ስልክ ቤቱ ጭር አለ። ሙሐመድኑር ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ወደ መስጊድ ሄደ። ደመቀም ሳሉጎቹን ሰብስቦ ፉል ሊያበላ ማዶ ወዳለው ምግብ ቤት ወሰዳቸው። ናጂያ ባዶዎቹን ካቢናዎች እያየች ትንሽ ተቀመጠች፤ ከዚያ ታምሬ የደወለበትን ቁጥር ከስክሪኑ ላይ መረጠችና ራሷ ደወለች። ልካቸውን ልትነግራቸው ነው።

ስልኩ ገና አንዴ ሲጠራ ተነሳ።

"ታምሬ?" አለች አንዲት የቸኮለች ሴት።

"ታምሬ አይደለሁም። ከስልክ ቤቱ ነኝ፣ ናጂያ እባላለሁ። እህቱ አንቺ ነሽ?"

"ነኝ፣ ሐመልማል ነኝ። ምነው፣ ምን ሆነብኝ?"

"እሱ ደህና ነው። የደወልኩት አንቺን ልጠይቅሽ ነው። ፈጣሪሽን አትፈሪም? ወንድምሽን በሰው አገር፣ ብቻውን ቆሞ፣ በስልክ መርዶ ልትነግሪው ጁምዓ ጁምዓ የምትታገይ ምን ዓይነት እህት ነሽ? አጨዳው እስኪያልቅ መታገሥ አቃተሽ?"

ከሩቅ የፍየል ድምፅና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

"የማንን መርዶ?" አለች ሐመልማል።

"የእናታችሁን ነዋ።"

"በስመ አብ" አለች። "ሟርትሽን ለራስሽ አድርጊው። እናቴ ይኸውና ተጎኔ ናት።"

ናጂያ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫነችው። ሐመልማል እየተቆጣችም እያለቀሰችም ትናገር ጀመር፤ ናጂያም አንዲት ቃል ሳታመልጣት ሰማች። እናቱ ወርቅውሃ ከመስቀል ወዲህ አልጋ ይዛለች። ሐኪም ቤት ወስደዋት ነበር፣ ሐኪሙም ወደ ቤት መልሷት አላቸው። ያን ጊዜ ስልኩ የሚገኘው በባለሱቁ በሲሳይ ዘንድ ነውና ሲሳይ ለደመቀ ደወለለት፤ ልጁን ቶሎ ስደደው አለው። ደመቀ እሺ፣ በነገታው አውቶቡስ ላይ አሳፍረዋለሁ አለ። ቆይቶ ደግሞ ራሱ ደወለና ልጁ አልሄድም አለ፣ በእናቱ ተቀይሟል አላቸው። ይህን ለማመን አልተቸገሩም። ታምሬ በክረምቱ መውጫ ለሱዳን ሲነሳ እናቱ ተው፣ አትሂድ፣ በሬዎቹን ለማን ትተህ ብላ ለምናው ነበር። እምቢ ብሎ ደጃፉን ሲሻገር ጊዜ በንዴት "እግርህ አይመለስ" አለችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጁም ሳይመረቅ፣ ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ። አሁን ሴትዮዋ ሌላ ነገር አትጠይቅም። ያችን ቃል ከልጇ ላይ ሳላነሳ አልሞትም ብላ በየቀኑ ታስጨንቃቸዋለች። ዛሬ ጎረቤት አስተባብረው በቃሬዛ ተሸክመው ከሲሳይ ሱቅ አመጧት።

"'እማየ ይኸው ተዚህ ናት፣ ላቅርብልህ' ልለው ነበር" አለች ሐመልማል። "ዘጋብኝ።"

ከአጠገቧ ደከም ያለ ድምፅ "ማን ናት? ስጭኝ እስቲ" አለ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተንኮሻኮሸ።

"ልጄ" አለች ወርቅውሃ። ትንፋሿ አጭር ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል ትልና ታርፋለች። "ያ ልጅ ለምን ይዘጋብኛል? ይገባኛል፣ አዝኖብኝ ነው። ክፉ ቃል ተአፌ ወጥቷል። ተሱ ጋር ብትገናኚ ንገሪልኝ። ድምጤን ይስማና አሜን ይበለኝ። ተዚያ ወዲያ ይዝጋው።"

ናጂያ መዋሸት ትችል ነበር፤ ኔትወርክ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር።

"እሱ አይደለም የዘጋው እማማ" አለች። "እኔ ነኝ።"

"እኛ አንቺን ምን በደልንሽ ልጄ?" አለች ወርቅውሃ።

ናጂያ፣ እባካችሁ ከሱቁ እንዳትነቃነቁ፣ አሁን አመጣዋለሁ ብላ ዘጋች። ደመቀ የገዛ እናቷን ቁስል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የተማረችውን ወግ፣ ሰው የመሆኗን ነገር ወስዶ ለሰሊጡ አጥር ሠርቶበታል። ራሷንም አልማረችም። አንዲት ጊዜ እንኳ መቀሷን ሳትነካ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ጨዋ ነኝ ብላ፣ መስማት ነውር ነው ብላ ቸኮለች።

ሻሿን አጥብቃ፣ ስልክ ቤቱን እንደ ተከፈተ ትታ ወጣች። ይህን አድርጋ አታውቅም። ፀሐዩ እንደ እሳት ይፋጃል። ታምሬ ምግብ አልበላም ብሎ ቀርቶ ኖሮ፣ ከሎሪው ጥላ ሥር ጎማውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጓደኛው ምስጋናው አንድ ቁራሽ ዳቦ ይዞ ብላ እያለ ይለምነዋል።

"ተነሳ" አለችው። "እናትህ ስልክ ላይ ትጠብቅሃለች።"

ታምሬ ቀና ብሎ አያት። "ተሠራ እንዴ ኔትወርኩ?"

"ኔትወርክ አልነበረም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እናትህ ታማለች፣ በጣም ታማለች። ደመቀ ሞታለች ብሎኝ እንዳትረዳ ነበር የምቆርጥብህ። ለነሱ ደግሞ እናትህን ተቀይመህ አልመጣም እንዳልክ ነግሯቸዋል።"

ልጁ ብድግ አለ። ፊቱ ከመቅጽበት ተለዋወጠ፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ ምግብ ቤቱን ያያል። የአንገቱን ማተብ በጣቱ ጠምዝዞ ያዘ። ሊመታት እንደሚችል ናጂያ አልጠፋትም፤ ቢመታትም አትሸሽም ነበር።

"አንቺ" አለ።

"እኔ። ኋላ ትሰድበኛለህ፣ አሁን ና።"

ስልክ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ሙሐመድኑር ከመስጊድ፣ ደመቀም ጥርሱን እየፋቀ ከምግብ ቤቱ መጥተው በሩ ላይ ገጠሟቸው። ደመቀ ታምሬን ሲያይ ሎሪው ሊነሳ ነው፣ ምን ትሠራለህ አለው። ታምሬ ዓይኑን ከሰውየው ፊት ላይ ሳያነሳ፣ የሚናገረውን ለኋላ እንዳስቀመጠ ሰው ሆኖ በአጠገቡ አልፎ ገባ። ምስጋናውም ተከተለው። ናጂያ ከኮምፒውተሯ ዘንድ ሄዳ ቆመች።

"አያ ደመቀ" አለች፣ "ወይዘሮ ወርቅውሃን አሁን አነጋግሬያቸዋለሁ።"

የጥርስ መፋቂያው በደመቀ አፍ ውስጥ ቆመ። ዞር ብሎ ሙሐመድኑርን አየው፤ ከዚያ እንደ ጓደኛ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስሚኝ፣ አትቸኩይ" አላት። "ሰሊጡ አፉን ከፍቷል። በዚህ ሳምንት ታልታጨደ መሬት ነው የሚበላው። እሱ ተሄደ ያገሩ ልጆች ሁሉ ተከትለውት ይሄዳሉ፣ እኔ ለባለመሬቱ ምን እላለሁ? አሮጊቷ እንደሆነች ስትታመም ስትድን ዓመት አልፏታል። አጨዳው ሲያልቅ ይደርስባታል። ክፉ አስቤ አይደለም።"

"ሰው በቁሟ ገደልክ" አለች ናጂያ፤ እስከ ዛሬ አንቱ ስትለው ነበር። "እሷን ገደልካት፣ እኔን ደግሞ ቀባሪ አደረግኸኝ። ለልጁ እናትህ ደህና ናት፣ ለእኔ ሞታለች፣ ለእናቱ ልጅሽ ጠልቶሻል። ለስንት ሰው ስንት ዓይነት ውሸት ነው የምታከፋፍለው? መርዶ በወጉ ነው ትለኛለህ አንተ? አንተ ወግ ታውቃለህ?"

"ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ቀንሺ" አለ ሙሐመድኑር። ስልክ ቤቱን ዓመታት ሙሉ የሚያንቀሳቅስ፣ ከሰው ጋር መጣላት የማይወድ ሽማግሌ ነው፤ ናጂያንም እንደ ልጁ ነው የሚያያት፣ እሷም 'ዓሚ'፣ አጎቴ ትለዋለች። "ይኼ ሁሉ ሰው በደመቀ በኩል ነው የሚመጣልን። የሰው ቤተሰብ ጣጣ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ? ስልክ እናስደውላለን፣ ኻላስ፣ በቃ። ቁረጪ ካለሽ ትቆርጫለሽ።"

"ዓሚ፣ ሴትዮዋ ልትሞት ነው። በቃሬዛ ነው ያመጧት።"

"አላህ ይማራት። እኔ የጂዳው ሰው እየጠበቀኝ ነው።" ይህን ብሎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባና በሩን ገርበብ አደረገ። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ ጂዳ ካለው ሸሪኩ ጋር ስለ ሰሊጥ ዋጋ ያወራል። ረጅም ወሬ ነው። ያን ጊዜ የሱን መስመር ማንም አይነካም፤ የሌሎቹ ድምፅ ቢቆራረጥም ደንበኛው ይታገሣል እንጂ የቤቱ ጌታ አይቋረጥም። ኢሀብ መስመሩን ሲያበጅ የጌታውን ስልክ ከሁሉ በፊት እንዲያልፍ አድርጎ ነበር የዘረጋው።

ናጂያ ተቀመጠችና ታምሬ ለገባባት ለሦስተኛዋ ካቢና ደወለችለት። ስክሪኗ ላይ የሲሳይ ሱቅ ቁጥር ታየ። ካቢናው ውስጥ ታምሬ "እማየ፣ እማየ እኔ ነኝ" አለ። ናጂያ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የወርቅውሃ ድምፅ ይመጣል፣ ይጠፋል፤ ግማሽ ቃል ይደርስና ግማሹ ይቀራል። "ልጄ"፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ የመጨረሻዋ የቃሉ ፍንጣሪ። ታምሬ ጮክ ብሎ አልሰማም፣ አልሰማም ይላል። ሴትዮዋ ያላት ትንፋሽ በከንቱ እያለቀ ነበር።

ከሱ ቁጥር በላይ የጂዳው መስመር ተዘርግቷል። ውስጠኛው ክፍል ሙሐመድኑር ይስቃል።

ደመቀ ከናጂያ ወንበር ኋላ መጥቶ ቆመ። ጌታዋ ያለውን ሰምቷልና ልበ ሙሉ ሆኗል።

"ቁረጭው" አላት። "ሰምተሻል አይደለም? ቁረጭው ይበቃል።"

"እሺ" አለች ናጂያ።

ማውሱን አንቀሳቀሰች። ደመቀ ከስክሪኑ ላይ ቀስቷ ስትሄድ፣ መቀሷም ስትነካ አየ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። እፎይ ብሎ ቀና አለ።

"ያ ናጂያ" አለ ሙሐመድኑር ከውስጥ። "ተቆረጠብኝ እኮ።"

"ኔትወርክ ነው ዓሚ" አለች።

በማዳመጫው ውስጥ የወርቅውሃ ድምፅ እንደ ንጹሕ ውሃ ጠርቶ መጣ። ልጄ፣ ያች ቃል ተአፌ የወጣች በንዴት ነው፣ አንስቻታለሁ፣ መሬት ትብላት አለች። ቀሪውን ናጂያ አልሰማችም፤ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ይህ የሷ አልነበረም። ከካቢናው የሚሰማው የታምሬ ድምፅ ብቻ ሆነ።

"አሜን" አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ "አሜን"። ከዚያ ሦስተኛው፣ በለቅሶ የታፈነ፣ "አሜን እማየ።"

ወረፋ ሲጠብቁ የነበሩት ሳሉጎች ከምግብ ቤቱ እየተመለሱ ነበር። አንዱ ሌላውን በክርኑ ነካው፤ ቆባቸውን አወለቁ።

ያን ጊዜ ደመቀ ገባው። ናጂያን አያት፣ ካቢናውን አየ፣ ወደ በሩም ተራመደ። በሩ ላይ ምስጋናው እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። ሰውነቱ ግዙፍ አልነበረም፣ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ከደመቀ ኋላ የቆሙት ሳሉጎችም ያዩታል። ለከርሞ ሰው ከወዴት እንደሚያመጣ ማሰብ የጀመረ ይመስላል፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተው።

ስክሪኑ ላይ የጂዳው ቁጥር እንደገና ብቅ አለ። ናጂያ ሳይነሳ ቆረጠችው። ሙሐመድኑር ደግሞ ሞከረ፤ ደግማ ቆረጠችው። ውስጠኛው ክፍል ወንበር ተገፋ። ሽማግሌው ጀለቢያውን እየሰበሰበ ወጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። ቆብ ያወለቁትን ሰዎች አየ፣ ከካቢናው የሚወጣውን አሜን ሰማ፣ በመጨረሻም የናጂያን እጅ አየ። መቀሷ ላይ ነው። ይህን ያህል ጊዜ አብራው ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ ቃሉን ተላልፋ አታውቅም፤ ዛሬ ከተላለፈች ነገ እዚህ ወንበር ላይ እንደማትቀመጥ ሁለቱም ያውቃሉ።

"ኔትወርኩ መቼ ነው የሚመለሰው?" አላት ቀስ ብሎ።

"ታምሬ ሲጨርስ" አለች ናጂያ፣ እጇንም ከማውሱ ላይ አላነሳችም።